ከማዶ የተቆጠረ ፊደል

እስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ በታች
ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓመተ ምሕረት

ደሴ ከተማ ተቀምጦ የሰው ልጅ ለሚያስተምር፣ የራሱን ልጅ ግን በወረቀት ለሚያሳድግ፣ ለልጄ ለይግዛው ደምሌ ይድረስ።

እንደምን ከርመሃል? እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደኅና ነን። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ስንዴው ገና ነው። እህትህ ብርቱካን ደኅና ናት። ቀዩ በሬ ማንከሱን ትቷል። ልጅህ ምትኬም ደኅና ናት። ሰላምታው እዚህ ላይ አበቃ፤ የቀረው ቁጣ ነው። መሪጌታ ተክለ ማርያም ብዕራቸውን ነክረው «ቁጣ ነው ተብሎ ይጻፍ?» ይሉኛል። ይጻፍ። ነገ ጾሙ ይገባል፤ ሳይገባ ንዴቴን ልጨርስ ብዬ ነው ዛሬ ያስጠራኋቸው።

በሐምሌ በነጋዴው በሙላው እጅ የላክኸው ደብዳቤ ተነብቦልኛል። ልጅቱ በቤት እንዴት እንደምትማር ታዝዘኛለህ። ባቄላ ትቁጠር፣ በከሰል ሥዕል ትሣል፣ «አባቴ ሆይ፣ ተረት ይንገሯትና ሲጨርሱ ጥያቄ ይጠይቋት» ትላለህ። አንተን በተረት ያሳደገህ ማን መሰለህ? ለአባቱ የተረት አነጋገር የሚያስተምር ልጅ ከእኔ መውጣቱን ጎረቤት እንዳይሰማብኝ ብዬ ደብዳቤውን ደግሜ አላስነበብሁትም።

ቢሆንም የታዘዝሁትን ሁሉ አደረግሁ። ባቄላውን በገበጣ አስቆጠርኋት። ቆጠራውን አውቃዋለች፤ ግን እየቆጠረች ትቆረጥማለች፣ ጨዋታው ሲያልቅ ሒሳቡ ሁልጊዜ ይጎድላል። ጎደለ ስላት «አባባ፣ አንተ ነህ የበላህ» ትለኛለች፤ ጥርስ እንደሌለኝ እያየች! ተረቱንም ነግሬ ጠየቅኋት። «ጦጣዋ ከጅቡ ለምን ሸሸች?» አልኋት። «ጅቡ ለምን ወደ ልጆቹ አይሄድም?» አለችኝ። መልሱን አንተ ላክልኝ፤ አስተማሪ አይደለህም?

ከሰሉ ደግሞ የባሰ ነው። ብርቱካን ጎታውን በነጭ አፈር ለቅልቃ ገና በደረቀ ማግሥት ምትኬ ሰው ሣለችበት። ብርቱካን አርጩሜ አነሣች። «ተይ፣ ከደሴ የታዘዘ ነው» አልኋት። «ማነው ይኸ?» ብዬ ብጠይቃት «አባዬ» አለች። ባየው ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው።

«ፊቱስ?»

«ሲመጣ አይቼ እጨርሰዋለሁ።»

ብርቱካን አርጩሜዋን ጣለች። ጎታው እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው፤ ሊለቀልቀው የደፈረ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከደብዳቤው ጋር ፊደል የተጻፈበት ካርቶን ልከህ ነበር። በግርጌው ለእርሷ «ፊደሉን የለየሽ ዕለት እመጣለሁ» ብለሃል። ይህን መሪጌታ ሲያነቡ በጆሮዋ ሰማች። ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አላየሁም። ወፍ ሲንጫጫ ካርቶኑን ይዛ ጋቢዬን ትጎትታለች።

እኔ ፊደል አላውቅም። ይህ ነውሬ አይደለም፤ ሞፈርና ቀንበር የሚመሰክሩልኝ ሰው ነኝ። ዜማውን ግን ማን ያጣዋል? የቤተ ክርስቲያኑ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ከአጥር ወዲያ ሲጮኽበት ከብቱም ሳይለምደው አይቀር። ሙላው «ራሱ በዚህ ወገን ነው» ብሎ አሳየኝ። ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ በስንደዶ እየጠቆምሁ፣ ሀ ሁ እያልሁ አስቆጠርኋት። እርሷ ፊት ለፊቴ ናት። ልጅ ከሽማግሌ ፊት ይቀመጣል እንጂ ከጎኑ አይለጠፍም፤ አንተም እንዲያ ነው ያደግኸው። ክረምቱን በዚሁ ከረምን። ለየችም። ከመካከል ብጠቁማት ስሙን ትጠራለች፤ እኔ በዜማው ከመነሻው ቆጥሬ ስደርስባት ልክ ናት።

ከትናንት በስቲያ የሚካኤል ማኅበር በቤታችን ነበር። ጠላው ጥሩ ወጥቶልን፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ባለበት «የልጅ ልጄ ፊደል ለይታለች፤ መሪጌታ ይፈትኗት!» አልሁ። እርሳቸው ከጎናቸው አስቀምጠው ካርቶኑን ዘረጉላት። አየችው። ዝም። ሌላ ጠቆሙ። ዝም።

ጎረቤታችንን አንዳርጌን ታውቀዋለህ፣ አፉ ወንፊት የሆነውን። «አያ ደምሌ፣ ያስተማርሃት ዝምታ ነው? እርሱንስ ጥሩ አድርጋ ይዛዋለች!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዘራዬን አነሣሁ። በማን ላይ እንደማሳርፈው ሳልወስን ምትኬ ብድግ አለችና ዞራ ከመሪጌታ ማዶ ቁጭ አለች፤ ከሀ እስከ ፐ ሳታቋርጥ ለቀቀችው!

መሪጌታ መጠምጠሚያቸው እስኪወልቅ ሳቁ። «አያ ደምሌ! ካርቶኑን ወደ ራስዎ ይዘው ነዋ ያስቆጠሯት! ልጅቱ የምታውቀው ፊደሉን ተዘቅዝቆ ነው!»

«ዳዊት ስትደርስ ከምሰሶ ላይ በእግሯ እናንጠለጥላታለና!» አለ አንዳርጌ።

ሰዉ ሲወጣ ልጅቱ ምን አለችኝ መሰለህ? «አባባ፣ አልለየሁም ማለት ነው? አባዬ አይመጣም?» ለይተሻል አልኋት። በሚካኤል ስም ለይተሻል አልኋት።

እንግዲህ አውቅሃለሁ። «ቀጥ አድርጋ ትማርና በሚመጣው ዓመት» ልትል ነው። አይሆንም! ቃልህ «ፊደሉን የለየሽ ዕለት» ነው፤ በየትኛው ወገን እንደሆነ አላልህም። ዳኛ ፊት ብንቆም እረታሃለሁ። መሪጌታ በጥቂት ቀን አቃናታለሁ ይላሉ። እንዳይነኳት ከልክያለሁ። አንተ መጥተህ፣ ከጎንህ አስቀምጠህ አቃናት። የእኔ ጎን የልጅ መቀመጫ አይደለም። የአባት ጎን ግን ለዚህ ነው የተሠራው።

አንድ ነገር ልጨምር። መሪጌታ «ይኸንስ እንተወው» ይሉኛል፤ ጻፉት ብያለሁ። መልኳ እናቷን እየሆነ ሄዷል። ስትስቅማ ቁርጥ እርሷ ናት። ሚስትህን ከቀበርህ ወዲህ ዓይንህን አላየነውም፤ ባቄላና ከሰል ብቻ ነው የምታዝዘው። እኔም ሚስት ቀብሬአለሁ። አንተን ግን በወረቀት አላሳደግሁህም።

ይህን ደብዳቤ ሙላው ያደርስልሃል። ለጥምቀት ሲመለስ አብረኸው ተነሣ። የጋይንት መንገድ ደርቋል፤ አርብ ገበያ ድረስ በቅሎ እልክልሃለሁ። ለልጅቱ ምንም አትያዝላት፤ ፊትህን ይዘህ ና፣ ጎታው ላይ የሚቀረው እርሱ ነው።

እግዚአብሔር የተማሪዎችህን ልብ ያብራ፤ ያንተን ግን አስቀድሞ። እመ ብርሃን ከወንዝ ሙላት፣ ከሽፍታ፣ ከክፉ ምክንያትም ትጠብቅህ።

መሪጌታ «አውራ ጣትዎን ያምጡ» ብለው ቀለሙን አቀረቡልኝ። አልሰጥም ብዬ ምትኬን ጠራሁ። ከወረቀቱ ማዶ ተቀምጣ፣ ብዕሩን በጡጫዋ ጨብጣ፣ ከግርጌው ጻፈች። እርሳቸው አይተው «ለአባት እንዲህ አይባልም፤ ‹ይምጡ› ነው የሚባለው» አሏት። ይተዉላት አልሁ። እጁ የእርሷ ነው፣ ቃሉ የእኔ ነው። እኔ ደግሞ ልጄን እንዲህ ብዬ ብጠራ ማን ይከለክለኛል?

ለእርሷ ተዘቅዝቋል። ከፊት ለፊቷ ለሚቀመጥ ሰው ግን ቀጥ ብሎ ይነበባል።

አባትህ ደምሌ

ና