ሆዱ የሞላው ዓሣ

ለምወድሽ ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፤ የሚያበሉሽን ሁሉ ፈጣሪ ያጥግብልኝ። እኛ ደህና ነን። የወጥ ቤቱ ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል፤ ጉልበቴም ዓሣ ስበልት የምውልበትን የገበያውን ቀዝቃዛ ወለል ለምዶታል።

አባትሽ የጀልባውን መልህቅ ኮራሉ ላይ፣ ድንጋይ በሚመስለው ሕያው የባሕር ፍጥረት ላይ፣ እንዳይጥል ስትለምኚው፣ «ትናንት የወለድኳት ልጅ ባሕር ልታስተምረኝ!» ብሎ ተቆጥቶ፣ ከቤት ስትሄጂም ሳይሸኝሽ እንደቀረ አልረሳሽውም። ከሄድሽ በኋላ ኮራሉ ተሰባብሮ ብዙው ሞተ። በኮራሉ መካከል የሚደበቁትን ትንንሽ ሸርጣኖች መብላት የለመዱት ዓሦች ያገኙትን ሲለቃቅሙ ከስተው ቀሩ። ሆዳቸውን ስቀድ ከጭቃና ከባሕር ሣር በቀር አላገኝም ነበር። አባትሽም መልህቁን ራቅ አድርጎ አሸዋው ላይ መጣል ጀመረ።

ባለፈው ማክሰኞ ያመጣውን ዓሣ ስከፍት ሆዱ በሸርጣን ተሞልቶ አገኘሁት፤ ኮራሉ አገግሞ ሸርጣኖቹ ተመልሰዋል ማለት ነው። ጠራሁት። አጎንብሶ አየና፣ «ያቺ ልጅ ያለችው ነው» አለ።

«ምን አልክ?» አልኩት፣ እንዳልሰማ ሆኜ።

«ሰምተሻል፤ አታድርቂኝ!»

ተመስገን አልኩ። አሁን በየጠዋቱ አጠገቤ ቆሞ፣ «ዛሬስ ምን በልቷል?» ይለኛል። ድሮ ቤት የሚረሳውን ስልክም በላስቲክ ጠቅልሎ ባሕር ይወስደዋል። የማንን ጥሪ እንደሚጠብቅ አልጠየቅሁትም።

ልጄ፣ አባትሽ ይቅርታ ማለት አያውቅበትም። ደውይለትና ዓሦቹ ምን እንደሚበሉ ብቻ ጠይቂው፤ የቀረውን እሱ ይጨርሰዋል።

ዕድሜሽ ይርዘም። ከኮራሉ ጋር ያስታረቀው አምላክ ከአንቺም ጋር ያስታርቅልኝ።

እናትሽ