በግራ በኩል የሚሳብ ቀሚስ

ታድዬ፣ የኔ ጌታ፣

እንደምን ዋልክ እንዳልልህ ያለህበትን አላውቀውም። እንዳልተወው ደግሞ ከሱቅ ስትገባ ይህን ሳልጠይቅህ ያለፈ ቀን የለም፤ አፌ ለምዶታል። ከተለየኸኝ ዓመት አልፏል። ሙት ዓመትህን አውጥተናል፤ ካህናቱም፣ ዕድርተኛውም፣ ዘመዱም በልቶ ጠጥቶ መርቆን ሄዷል። እኔ ደህና ነኝ። ልጃችን ሜሮንም ደህና ናት፤ ሥራዋን ውላ ትመጣለች፣ አልበላሽም ብላ ትቆጣኛለች፣ ራሷ ሳትበላ ትተኛለች።

ቤታችን ትንሽ ተለውጧል። አየር ጤና ያለውን ሱቅህን ለአከራዩ መልሰን ስፌት መኪናህን ወደ ቤት አመጣነው። አሁን ሶፋው በነበረበት በመስኮቱ ሥር ነው ያለው። ካውያህም፣ ያ ትልቁ መቀስህም፣ የተረፉት ጨርቆችህም አሉ። ድሮ ቁልፍ መትከልና ጠርዝ መዘምዘም ብቻ ነበር የምትሰጠኝ፤ ዛሬ መኪናው ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ቀጥ አድርጌ እሰፋለሁ። ጨርቁን በልክ መቅደድ ላይ ነበር ችግሬ፤ እሱን እነግርሃለሁ።

ሰው ለሞተበት ሲጽፍ ደግ ደጉን ነው የሚጽፈው። እኔን ግን ታውቀኛለህ፣ በሆዴ የያዝኩት አያስተኛኝም። ይህን የምጽፍልህ ቀንቼ ነው። በሕይወት ሳለህ እቀና ነበር፣ ስትሞትም አልተወኝም። ሌላዋ ሚስት ባሏን ከቀበረች በኋላ ቢያንስ ከዚህ ታርፋለች። እኔ ግን ከቤት በወጣሁ ቁጥር የእጅህን ሥራ በሌላ ሴት ጀርባ ላይ አየዋለሁ። ፌርማታው ላይ ታክሲ የምትጠብቀዋ የለበሰችው ያንተን ስፌት ነው። ቤተ ክርስቲያን ከፊቴ የምትቆመዋም ያንተን ነው። ኮሌታውን ከሩቅ አውቀዋለሁ፤ ጸሎቴን ትቼ ስፌቱን ስመረምር ቅዳሴው ያልቃል።

እኔ ምን ነበረኝ? ለእንቁጣጣሽ ያልከኝ ለመስቀል፣ ለገና ያልከኝ ለጥምቀት ነበር የሚደርሰው። ደንበኛ ትቅደም ትላለህ፤ ደንበኛ ደግሞ አያልቅም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የነሱን ልብስ የምታየው በእኔ ላይ መሆኑ ነበር። ሱቅህ ውስጥ የልብስ መስቀያ አሻንጉሊት አልነበረህም፤ እኔ ነበርኩ። በግማሽ የተሰፋውን በፌስታል ይዘህ ትመጣና «እስቲ ቁሚልኝ» ትላለህ። እቆማለሁ። እስፒሎቹን በከንፈርህ ይዘህ ትዞረኛለህ፣ ትሰበስባለህ፣ ትለቃለህ፣ ራቅ ብለህ ታያለህ። ያኔ ዓይንህ እንዴት ያምር ነበር። ከዚያ «በይ አውልቂው» ትለኛለህ፣ ልብሱም ወደ ባለቤቱ ይሄዳል።

ያ አረንጓዴ የአስካለ ቀሚስ ትዝ ይልሃል? በርበሬ ነጋዴዋ አስካለ፣ ከሱቅህ አጠገብ ያለችው። እሱን ሦስት ቀን ነው ያስቆምከኝ። ቀለሙ የሚሄደው ለኔ ነበር፣ ይህን ደግሞ አንተም አልካድክም። እሷ ግን ይኸው እስካሁን በየበዓሉ ትለብሰዋለች። ለብሳው በመጣች ቁጥር በግራ ጎኗ ወደ ታች ትጎትተዋለች፣ ትንሽ ቆይታ እንደገና ትጎትተዋለች። ለማሳየት የምትሽኮረመም ይመስለኝ ነበር። ደሜ ይፈላል።

በተናደድኩ ቁጥር የት እሄድ እንደነበር አሁን ልንገርህ፤ ጦር ኃይሎች ሄጄ ልባሽ ጨርቅ እገዛ ነበር። አንተ የአስካለን ኮሌታ ስታስተካክል እኔ ሸሚዝ በሸሚዝ ላይ እከምራለሁ። ሐዘኑ ቀለል ሲለኝ ቁምሳጥኑን ከፍቼ አየሁት፤ ሞልቶ በሩ አይዘጋም፣ የሚለበስ ግን የለውም። አንዱ ታጥቦ ቀለሙ የለቀቀ፣ አንዱ እጅጌው የጠበበ፣ አንዱ ከነጭራሹ ለብሼው የማላውቀው። ያንተዎቹማ በላዬ ላይ አልቀዋል፤ ደስ እያሉኝ ስለብሳቸው የመጨረሻው መወልወያ ሆኖ ነው የቀረው። ያን ሁሉ ክምር ቆሼ ወስዶ መጣል ደግሞ ሆዴ አልቻለም፤ እዚያ ያለው የሰው ጥራጊ ይበቃል። ደህናውን ለሚለብሰው ሰጠሁ፣ የቀረውን ፈትቼ ለገበርና ለኪስ አስቀመጥኩት። ከዚህ በኋላ ጥቂት ልብስ ብቻ ይኑረኝ፣ እሱንም ራሴ ልስፋው፣ ሲቀደድም ልጣፈው ብዬ ቆረጥኩ። ሜሮን ሳቀችብኝ፤ «እማዬ፣ ሚኒማሊስት ሆነሻላ» አለችኝ። በጥቂት ዕቃ መኖር የሚመርጥ ሰው ማለት ነው ብላ አስረዳችኝ። የደሃ ልብስ ከሆነ ስሙን ፈረንጅኛ ማድረግ ምን አስፈለገ አልኳት።

ታዲያ ሙት ዓመትህ ላይ ወንድምህና ሚስቱ ጥቁሬን ሊያስወልቁኝ እንደ ደንቡ አዲስ ልብስ ገዝተው መጡ። አበባ የበዛበት፣ የሚያብረቀርቅ። አመሰገንኳቸው፣ ጉልበታቸውንም ሳምኩ፣ ግን አልለበስኩትም። የልብስ ሰፊ ሚስት ነኝ፣ ከሐዘን የምወጣው በሱቅ ልብስ አይደለም፤ ሰፍቼ እለውጣለሁ አልኳቸው። ወንድምህ ቅር አለው። ሚስቱ ደግሞ ለዕድሩ ሴቶች ጥቁሩን ወዳዋለች ብላ ነገረችልኝ።

ኩራቴ ግን እዚያው ላይ ተፈተነ። ካስቀመጥከው ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ቀሚስ ቀደድኩ። በሜትሩ ለካሁ፣ በሳሙና አሰመርኩ፣ ግራና ቀኙን አጥፌ እኩል አደረግሁ። ሰፍቼ ስለብሰው ግራው ከትከሻዬ ይንሸራተታል፣ ታችኛው ጠርዝም በግራ ይንጠለጠላል። ፈታሁት፣ እንደገና ሰፋሁት፣ ያው ነው። ሜሮንም ሞከረች፣ ያው ነው። ሳምንታት አለፉ፤ እኔም በጥቁር ላይ ጥቁር እንደለበስኩ ቀረሁ። ሰው ሲያየኝ ያዝናል። እኔ ደግሞ በአንተ እናደዳለሁ፤ ለሴት ሁሉ እየቀደድክ ኖረህ ለኔ መቅደዱን ሳታስተምረኝ ሄድክ ብዬ።

ያን ሰሞን አስካለ በር አንኳኳች። ያንኑ አረንጓዴ ቀሚስ በፌስታል ይዛለች። ሻይ ሰጠኋት። እየተሽኮረመመች፣ «ነፍሱን ይማረውና ሰውዬው ደግ ነበር፤ እንዳይከፋው ብዬ እስከዛሬ ሳልነግረው ቀረሁ። በግራ በኩል ወደ ላይ ይሳብብኛል። አንቺ ታስተካክዪልኛለሽ ብዬ ነው» አለችኝ። ደግ ነበር ስትል ሻዩን ልቀማት ነበር። ቀሚሱን ግን ተቀበልኩ።

ስትሄድ ገለበጥኩት። ስፌቱን ሳይ ዓይኔ ቀላ፤ ሁለቴ የተደረበ፣ ክሩ የማይታይ፣ እንዴት ተጠንቅቀህበታል። ከዚያ ትከሻው ላይ ደረስኩ። የቀኙ ስፌት ተራ ነው። የግራው ግን ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ነው የተሰፋው፣ ትርፉም ሳይቆረጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እሰይ፣ ተሳስቷል ብዬ ደስ አለኝ። ለአስካለም ይሳሳታል ማለት ነው። እንዴት እንደሚሳብ ልይ ብዬ እንደዚያ ጊዜ ለበስኩትና መስታወት ፊት ቆምኩ።

አልተሳበም። ግራው አልተንሸራተተም፣ አልተንጠለጠለም፤ ስፌቱ አጥንቴ ላይ ተኛ። ያኔ ትከሻዬን አየሁት። ግራው ከቀኙ ዝቅ ያለ ነው። ቧንቧ ሳይገባልን ያን ሁሉ ዓመት በጀሪካን ውሃ የተሸከምኩበት ትከሻ። በዚህ ዕድሜዬ አላውቀውም ነበር። አንተ ታውቀዋለህ። ልብሱን በእኔ ላይ እየሰበሰብክ እስፒል ስትሰካ ዓይንህ እኔን ለምዶ፣ የማን ቀሚስ እንደሆነ ረስተህ፣ በኔ ትከሻ ልክ አድርገህ ሰፍተህላታል። ለኔ ግን አንድ ቀን ትከሻሽ ዘንበል ብሏል ብለህ አልነገርከኝም፤ ዝም ብለህ በስፌት ታነሳልኝ ነበር። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ከአስካለ ቀሚስ ላይ ልኩን ወስጄ የሰማያዊውን ግራ ትከሻ ሁለት ጣት ወደ ውስጥ ሰፋሁት። ልክ ሆነ። ቀጥዬ የሷን ፈታሁት፣ የደበቅከውን ትርፍ አወጣሁ፣ እኩል አድርጌ መለስኩላት። ለብሳው መጥታ አሳየችኝ፤ አይሳብባትም። ያ ቀሚስ ከዚህ በኋላ የራሷ ነው።

ጥቁሬን እሑድ ዕለት አወለቅሁ። ሰማያዊውን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ ወንድምህም አይቶ ደስ አለው። እኔ ግን ዓይኔ አላረፈም። ከፊቴ ያለችው ግራ ጎኗን ወደ ታች ስባ አስተካከለች። ወዲያ ማዶ ያለችውም እንዲሁ። ስንቶቹ ናቸው የኔን ትከሻ ለብሰው ሰፈራችንን ኮልፌን የሚዞሩት? ድሮ እጅህን ወሰዱብኝ ብዬ ነበር የምቀናው፤ አሁን ደግሞ ትከሻዬን ለብሰውብኝ አገኘኋቸው።

ስለዚህ ከደጁ ላይ ይዣቸው የቀሚሳችሁን ግራ ላስተካክልላችሁ፣ አምጡልኝ አልኳቸው። ለታዴ ነፍስ ብላ ነው ብለው መረቁኝ። እየፈታሁ፣ ከያንዳንዱ ውስጥ ትርፉን እያወጣሁ ነው። ያንተ ሥራ ለማንም ይሁን፣ ያየኸኝን ግን ለማንም አልተውም። ሁሉንም ፈትቼ እስክጨርስ፣ ከጨረስኩም በኋላ፣ አስታውስሃለሁ ታድዬ። አስካለ ደግ ነበር ስትል ግን ዛሬም ደስ አይለኝም።

ሚስትህ