የቃል ለቃሚው የዶክተር አሻግሬ ሞላ የሕይወት ታሪክ

ወግዲ ጉም ውጦት ስለዋለ ጎረቤት መጀመሪያ የሰማው እልልታውን ነበር። ዶክተር አሻግሬ በዚያ ዕለት፣ በኅዳር ወር 1921 ዓ.ም. ከአባታቸው ከአቶ ሞላ አምባቸውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቂቱ በላይ ተወለዱ። ዳዊት ደግመው፣ ደሴና አዲስ አበባ ተምረው፣ ባሕር ተሻግረው የቋንቋ ሊቅ ሆነው ተመለሱ። ድምፅ ብቻውን ምንም እንዳይደለ፣ ዋጋ የሚያገኘው ከጎረቤቱ ድምፅ ሲለይ እንደሆነ በዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። አማርኛን የሚያጠና ሁሉ ዛሬ በእሳቸው መንገድ ይሄዳል። በ1951 ወይዘሮ አበቡ ስማቸውን አግብተው ብርሀንነሽንና በላይን ወልደዋል።

በ1965 ያገራቸውን አነጋገር ሊቀዱ ቴፕ ይዘው ወግዲ ገቡ። ዝናቡ ከድቶ እህል ጠፍቶ ነበር። በየቤቱ «ይህ ምን ይባላል?» እያሉ ሲጠይቁ፣ ሰው ለእርዳታ የሚመዘግቡ መሰለው።

«ጎተራ ነው ጌታዬ። ባዶነቱንም ያዙልን» ይሏቸዋል።

«በሬስ?»

«ስሙ አለ፣ በሬው ነው የሌለው።»

መዝጋቢ አይደለሁም ቢሉ ማን ሰምቷቸው! ሙሾ አውራጇ ወይዘሮ ይታይሽም ተመዘገብኩ፣ እርዳታው ይመጣል ብለው፣ ጎረቤት ወደ ወረኢሉ ሲሰደድ እሳቸው ቀሩ። ዶክተሩ ደሴ ሄደው ለአንድ ሹም አቤት ቢሉ፣ «ረሃብ የሚባል ነገር የለም፤ አንተ ቃልህን ልቀም» ተባሉ። ሲመለሱ የወይዘሮ ይታይሽ ሁለት ልጆች ተቀብረው ነበር።

አብዮቱ መጣ። ዘማቾች ዶክተሩ ባዘጋጁት መጽሐፍ ለገበሬው ፊደል አስተማሩ፣ የዶክተሩ ስም ተወደሰ። እሳቸው ግን «አዋጁም ቃል፣ መፈክሩም ቃል፤ ማን ጠገበበት?» እያሉ ይበሳጩ ነበር። ዩኒቨርሲቲውን ትተው መካነ ሰላም አስተማሪ ሆኑ። በየፋሲካው ወግዲ ወርደው ከወይዘሮ ይታይሽ ደጅ ቆመው ይቅርታ ይለምናሉ፤ ሴትዮዋ ትንፍሽ አይሉም። ሽማግሌ ቢልኩ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ አህመድ «እሜቴ፣ አላህ ያመጣውን ለአላህ ይተዉት» ቢሏቸው፣ «ሰማሁ» ብቻ አሉ። ዶክተሩ ከዚያ ወዲህ ቴፑን አልነኩም።

በጉበት ሕመም ሲሰቃዩ ቆይተው ግንቦት 9 ቀን 1970 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና ይህን የጻፍኩት የእህታቸው ልጅ ቀርተናል። ቃል ሆኖ ሥጋ የለበሰው ጌታ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን።

ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ይታይሽ ከወግዲ መጡ። ሙሾውን እንዲያወርዱ ለቀስተኛው ጸጥ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው። ከአስከሬኑ ራስጌ ቆመው ፊታቸውን አዩ። ሁላችንም ጠበቅን። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፣ በመጡበት መንገድም ሄዱ።