ጡረተኛ ወደ ኋላ ያያል

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሥራ ደህና ነበር። አሥራ አንድ መነጽር ሠራሁ። አንዱ ሌንስ ስሞርደው ተሰነጠቀብኝ። አለቃዬ አላዩም… ወይ አይተው ዝም ብለዋል። ከሰዓት አንዲት ሴትዮ መነጽሬ ጠፋ ብለው መጡ። ግንባራቸው ላይ ነበር። እኔ እንደምንም ሳቄን ዋጥኩ፤ እሳቸው ግን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ እንደተለመደው ማዳመጫዬን አድርጌ ጨዋታው ውስጥ ገባሁ። ወንድም ጋሼ ቀድሞኝ ገብቷል። ሁልጊዜ ይቀድመኛል። እዚያ ውስጥ የእሱ ስም «ጡረተኛ» ነው፣ የእኔ «መርፌ»። በአራት በአራት ነው የምንቧደነው፤ ሁለቱ እኛ፣ ሁለቱ ከየትም የመጡ የማናውቃቸው ሰዎች። የፈራረሰ ከተማ ውስጥ እንሯሯጣለን፣ እንተኩሳለን፣ እንሞታለን፣ ተነሥተን እንደገና እንሯሯጣለን። ዛሬ ሰባቴ ገጠምን፣ ስድስቴ ተሸነፍን። ከማናውቃቸው አንዱ እናቴን ሰደበ። እናቴን የት ያውቃታል?

ሦስት ዓመት ሆነን። አባባ ካረፈ በኋላ ነው የጀመርነው። ወንድም ጋሼ የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው፣ በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ያስኬዳል። ያኔ ስልክ ስንደዋወል «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ»… ከዚያ ዝም። ዝምታው ሲከብደን «እሺ በቃ» ብለን እንዘጋለን። ጨዋታው ነው አፋችንን የፈታው። «በግራ ነይ፣ በግራ… ሥራ እንዴት ነው?… ተጠንቀቂ፣ ጣራው ላይ አለ።» እንዲህ እንዲህ እያልን ስንቱን አወራን።

አሁን ግን ሰልችቶኛል። ይኸው ጻፍኩት፤ ማን ሊያነበው። ተኩሱ ሰልችቶኛል፣ ስድቡ ሰልችቶኛል፣ በየሁለት ደቂቃው መሞቱም ሰልችቶኛል። ግን ጨዋታውን ከተውኩ ወንድሜን በምን አገኘዋለሁ?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ገባን። ተሸነፍን። የቀኝ እጄን አንጓ ያመኛል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

የጨዋታው አዲስ ዙር፣ ሲዝን የሚሉት፣ ተጀመረ። የሥራ ዝርዝር ይዞ ነው የመጣው። ሃያ ሰው በሽጉጥ። አምስት ሰው ከሩቅ። ሦስቴ ከጣራ ዘሎ አለመሞት። በየቀኑ ካልተሠራ ደረጃችን ይወርዳል። መሥሪያ ቤት እንኳን እንዲህ ያለ ዝርዝር የሰጠኝ የለም።

ጠዋት አለቃዬ ዓይኔን አዩና «አንቺ ልጅ፣ ሁለተኛ ሥራ ይዘሻል እንዴ?» አሉኝ።

«ይዣለሁ» አልኩ።

«የዓመት ፈቃድ አለው?»

«የለውም።»

«እሑድስ ታርፊያለሽ?»

«እሑድማ ይብሳል።»

ደንበኛ አልነበረም። ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝና አንዱን ዓይኔን ሸፍነው ፊደሎቹን አስነበቡኝ። እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩ። «ዓይንሽ ምንም አልሆነም፤ የደከመሽ ሌላ ነገር ነው» አሉኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝስ ምን እላለሁ? ሰው ስገድል ነው የማመሸው ልበል?

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ዛሬ ልነግረው ቆርጬ ነበር። ከሥራ ስወጣ መንገዱን ሙሉ ለብቻዬ ስለማመድ መጣሁ። «ጋሼ፣ ትንሽ ጊዜ ላርፍ አስቤ…» «ጋሼ፣ አትቀየመኝና…» አንዲት ሴት ዞር ብላ አየችኝ።

ገባሁ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር።»

«እኔም ልነግርሽ ነበር… ቆይ፣ ቆይ፣ ከበሩ ኋላ አለ።»

ሞተ። «ጡረተኛ ተገደለ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

«ምን ልትነግረኝ ነበር?»

«አንቺ ቅደሚ።»

«አንተ ቅደም፣ ታላቅ ነህ።»

«አይ… ምንም አይደል። ይሄ ጨዋታ ባይኖር ተጠፋፍተን ነበር እኮ፤ እሱን ልልሽ ነው።»

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? «እውነትህን ነው» አልኩት። ሌላ አምስት ጊዜ ገጠምን። ጥይቱስ ይሁን፤ ጥይት ሲገድለኝ ተመልሼ እነሣለሁ። ይሉኝታው ነው የጨረሰኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ወንድም ጋሼን ዛሬ ምን ነካው? ከሁሉ ቀድሞ ሮጦ ገብቶ ከሁሉ ቀድሞ የሚሞት ሰው፣ ዛሬ አንዴ ብቻ ሞተ። ትንሽ ሄድ ይልና ቆም ብሎ ወደ ኋላው ያያል። ግራ ያያል፣ ቀኝ ያያል፣ ከዚያ ይሄዳል። አሥራ አራት ሰው ጣለ። አራቴ አሸነፍን።

«ጋሼ፣ ምን በልተህ መጣህ?»

«ልምምድ ነው» አለ። ድምፁ እንደ ሌባ ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 16

ዛሬ ብዙ አወራን። ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ሥራው፣ የፎቅ ጎረቤታቸው በመስኮት ስለሚያራግፈው ምንጣፍ… ድምፁ ረጋ ብሎ፣ እግሩን ዘርግቶ እንደተቀመጠ ሰው። ጡረተኛ ግን እኔ ፊት እንደ እሳት ይተኩሳል።

መሀል ላይ አንድ ነገር ከሽ አለ። «ሳህን ሰበርኩ» አለ ወንድም ጋሼ። በዚያችው ደቂቃ ጡረተኛ ሁለት ሰው ጣለ። በየትኛው እጁ? እየተዋጋ ሳህን ምን ያደርግለታል?

ይሁን። ወሬው ግን ደስ አለኝ። ወሬውን ብቻ ወስዶ ጨዋታውን መተው ቢቻል…

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ሦስቴ አሸነፍን። ማሸነፉም ደስ አላለኝም። ስሸነፍ እንኳን ሽንፈቱ ነው ያስጠላኝ እል ነበር። አሁን ምን ልበል?

ሰኞ፣ የካቲት 24

ዛሬ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር አዲስ መነጽር ሊወስዱ መጡ። አጠለቅኩላቸውና አንገታቸውን ያሽከረክሩ ጀመር። ግራ፣ ቀኝ፣ ኋላ።

«ምነው፣ ጠበበዎት?» አልኳቸው።

«የለም የኔ ልጅ፣ ልማድ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስፖኪዮ ሳላይ ነድቼ አላውቅም። አሁን ቤቴ ውስጥ እንኳን ኋላዬን ሳላይ ከሶፋ አልነሣም።»

ብሎኑን እያጠበቅኩላቸው ነበር፤ እጄ ቀጥ አለ። እትዬ! የወንድም ጋሼ ሚስት። የከተማ አውቶቡስ ነው የምትነዳው።

እትዬ ጨዋታውን የምትጠላው ነበር የሚመስለኝ። ባሌን በየማታው ወሰደችብኝ የምትል ይመስለኝ ነበር። ከወንድም ጋሼ ማዳመጫ በስተኋላ ድምፅዋን በሰማሁ ቁጥር ጥፋተኛ ነው የምሆነው። አይደለም… እሷ ልትሆን አትችልም። ወይስ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ገባሁ። «ጋሼ» አላልኩም።

«እትዬ፣ በስተቀኝ መስኮቱ ላይ አለልሽ» አልኩ።

ጡረተኛ መሀል መንገድ ላይ ተገትሮ ቀረ። ማዳመጫው ውስጥ የቧንቧ ውኃ ይሰማኝ ነበር፤ እሱም ተዘጋ። «ጡረተኛ ተገደለ።» ቀጥሎ የሴት ሳቅ መጣ።

«አላልኩህም? ታውቅብናለች አላልኩህም?» ትለዋለች እትዬ።

ወንድም ጋሼ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ስሚ… እንዳትቀየሚኝ።»

ሁሉንም ተናዘዘ። ስክሪኑን ባየ ቁጥር ራሱን ያመዋል። ጨዋታው ካስጠላው ከራርሟል። ያን ማክሰኞ ሊነግረኝ ብሎ አፉ ላይ ሲደርስ መለሰው። በማግሥቱ እራቴን ልጨርስ ብሎ ጆይስቲኩን ለእትዬ አስያዛት፤ እሷ አልመልስም አለች። ከዚያ ወዲህ እሱ ማዳመጫውን አድርጎ እያወራኝ ሳህን ያጥባል፣ እሷ ድምፄን ከስክሪኑ እየሰማች ትዋጋለች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«የምትወጂው ነገር ይሄ ነው ብዬ ነዋ። እሱን ብተውብሽ ትርቂኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ጋሼ፣ እኔም ሰልችቶኛል። ዓመት ሆነኝ።»

ሁለታችንም ለሌላው ስንል…

«እናንተ ልጆች ጤነኞች ናችሁ?» አለች እትዬ። «እኔ እኮ ገና መጀመሬ ነው።»

እስኪያመኝ ሳቅኩ። ማዳመጫውን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ጆሮዬም ትከሻዬም ቀለለኝ። ግልግል።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ጠዋት ስነቃ ተናደድኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሚስቱ ጋር አሰልፎኝ? እስከ ምሳ ሰዓት ተቀይሜው ዋልኩ። ከምሳ በኋላ ደግሞ… እኔስ? ዓመት ሙሉ «በጣም ደስ ይላል ጋሼ» እያልኩት አልነበር? ኩርፊያዬን ለራሴ ተውኩት።

ማታ ተቀምጬ እራቴን በላሁ። ጆይስቲክ ሳልይዝ፣ በሁለት እጄ።

ዓርብ፣ የካቲት 28

እጄን አያመኝም። ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፌን ጠገብኩ። ከሥራ ስመለስ ፀሐዩ እስኪጠልቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ሰፈሩ ውስጥ ለካ ይህን ያህል ወፍ ነበር። ደረጃችን ወርዷል የሚል መልእክት ስልኬ ላይ መጣ። ይውረድ።

አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን ግን ሰዓቱን አየሁ። አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። የፈራሁት ደረሰ ማለት ነው?

እሑድ፣ የካቲት 30

ደወልኩ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«ደህና።»

ዝም። ያው የድሮው ዝምታ። «እሺ…» አለ። «በቃ» ልትከተል ነው። ወንድሜን እዚህች ላይ አጥቼው ልዘጋ ነው አልኩ።

«ጋሼ፣ አሁን ምን እያደረግህ ነው?»

«ምንም። ቁጭ ብያለሁ።»

«ያልታጠበ ሳህን የለም?»

«ሞልቷል።»

«ተነሥና እጠብ። ስልኩን እንዳትዘጋው።»

ውኃው ሲከፈት ሰማሁ። እኔም ቁልፋቸው የረገፈ ሸሚዞቼን አወጣሁና መትከል ጀመርኩ። ወሬው መጣ። ተኩስ የለ፣ ስድብ የለ፣ ብቻውን መጣ። እጃችን ሥራ ይፈልግ ነበር እንጂ ጠመንጃ መች ፈለገ?

ሦስተኛው ሸሚዝ ላይ ስደርስ ወንድም ጋሼ «አባባ ያረፈ ቀን…» አለ። መርፌዬን ሸሚዙ ላይ ሰካሁት። «መናኸሪያ ነበርኩ። ትኬቴን ይዤ። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ብነሣ ኖሮ እደርስበት ነበር። አንቺም በሆድሽ እንደያዝሽብኝ አውቃለሁ።»

«እኔ? አልያዝኩም ጋሼ። እሱም አልያዘብህም። መንገድ ላይ ነው ስለው ‹ቀስ ብሎ ይምጣ፣ መንገዱ ጥሩ አይደለም› አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።»

ይህን ነግሬው አላውቅም ለካ። ሦስት ዓመት በየማታው ስናወራ ከርመን። ጥይት መሀል እንዴት ብዬ ልነግረው ኖሯል?

ውኃው ብዙ ፈሰሰ። ወንድሜ ሲያለቅስ ሰማሁ። እኔም አለቀስኩ። ሸሚዙ ላይ አለቀስኩ፣ ደግሞ ጥሩ ለቅሶ ነበር፣ ደረቴን ከፈተው።

ልንዘጋ ስንል ስለ ራስ ምታቱ ጠየቅኩት። ጨዋታውን ትቶም አልለቀቀውም።

«ጋዜጣ ስታነብስ?»

«ራቅ አድርጌ ስይዘው ይሻለኛል።»

የመነጽር ሠራተኛ እህት እያለችው። ፊት ለፊት ከተያየን ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው፤ በየማታው አብረን እያለን ዓይኑን ሳላየው።

«ያ ሁሉ የተሸነፍነው ስለማላይ ነው በይኛ» አለ።

«አይ፣ ያንንስ ድሮም አትችልበትም» አልኩት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

እትዬ ደወለች። «መርፌን» ለአንድ ሹፌር ጓደኛዋ ልስጣት ወይ ትላለች። የይለፍ ቃሉን ነገርኳት። የእኔን መርፌ ሲያዩ ጠላቶቼ አሁን በሁለት ሹፌር መሀል መሆናቸውን አያውቁም። እግዜር ይሁናቸው። ወንድም ጋሼ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ይመጣል ብላኛለች።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

መጣ። ስድስት ሰዓት ተጉዞ። ሸብቷል፤ ማን ነገረኝ? እኔንም «ከስተሻል» አለኝ።

አለቃዬ የሱቁን ቁልፍ ሰጡኝ። ወንድም ጋሼን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት፣ ግራ ዓይኑን ሸፈንኩ፣ ትንሿን ጽሑፍ አስያዝኩት። እጁን እስከ ጉልበቱ ዘረጋ። ሌንስ በሌንስ እየቀየርኩ እጁ ትንሽ በትንሽ ቀረበ። ስንጨርስ ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የአባባ መነጽር። አንድ እግሩ የተሰበረ።

«ይሄንኑ ታደርጊልኛለሽ?»

ሌላ እግር ፈልጌ ገጠምኩለት። አሮጌዎቹን ሌንሶች አወጣሁ፤ አንደኛው ላይ የአባባ የጣቱ አሻራ አለ። አላጠብኩትም፣ በመሐረቡ ጠቅልዬ ለራሴ አስቀመጥኩት። አዲሶቹን ሞረድኩና አስገባሁ። ዛሬ አንዱም አልተሰነጠቀብኝም።

አጠለቀው። ጽሑፉን ሳይሆን እኔን አየኝ፤ እኔም አየሁት። የሞረድኩበት ማሽን ጠፍቷል። ሳህን የለ፣ ሸሚዝ የለ። አራቱም እጃችን ሥራ ፈትቶ ጉልበታችን ላይ ተቀምጧል። ብዙ ዝም አልን፣ «እሺ በቃ» ያለም አልነበረም።