ዝናቡ ሲመጣ

ኅዳር 4
ለቡናው ሥራ ሸዋ ቤንች ከተማ ስንመላለስ ዋልን። ወገቤ የለም። ማታ መልሱን ስንጠብቅ የነበረው የውጭ አገር ቡና ገዢ ጻፈ። "ቡናውን ባሰጣችሁበት ሳምንት በእናንተ በኩል ዘንቦ ነበር ይባላል። ማድረቁ እንዴት ነበር?" ይላል። የቤቱ እንግሊዝኛ አዋቂ እኔ ነኝ፤ ጉድ ፈላ!

ኅዳር 5
"ዊ ድራይድ"፣ አደረቅን፣ ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። "ዊ ወር ድራይንግ"፣ እያደረቅን ነበር... የቱ ነው? እንግሊዝኛ የምታስተምረው ጓደኛዬ ህሊና ጋ ደወልኩ።
"ዝናቡ ሲመጣ ማድረቁ አልቆ ነበር?"
"የት አልቆ! ቡናው ማድረቂያ አልጋው ላይ እንደተሰጣ ነው የራሰው። ሸራው ዘገየ።"
"እንግዲያው ወር ድራይንግ ነው። ዝናቡ በመሃል ገብቶበታል።"
እኔ እኮ ሰዋስው መስሎኝ ነበር የጠየቅኳት።

ኅዳር 6
ለቡናው ባለቤት ለአጎቴ ለጋሼ ባየ ነገርኳቸው።
"ኋላ ደርቋል አይደል?" አሉ።
"ደርቋል።"
"ታዲያ አደረቅን ማለት ውሸቱ ምኑ ላይ ነው?"
ምን ልበል? ውሸት አይደለም። እውነት ነው እንዳልል ደግሞ ገዢው የሚጠይቀው ስለ ዝናቡ ነው። በዚህ ሽያጭ ተስፋ አድርገው የጀመሩት ቤት ጣራ አልለበሰም። አሳዘኑኝ።

ኅዳር 7
ላክሁት። ወር ድራይንግ። እውነቱን ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይባላል... የሚመሽብኝ ግን እሳቸው ቤት ነው።

ኅዳር 12
ገዢው ለዘንድሮ ይቅርብኝ አለ። ስለ ግልጽነታችን አመስግኗል። ምስጋና ጣራ አይሆን! ጋሼ ቡናውን ሚዛን ከተማ ወስደው በተገኘው ዋጋ ሸጡት።

ኅዳር 15
ጋሼ አያናግሩኝም። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ሚስታቸውን እትዬ አሰጋሽን "ለእንግሊዟ ምሳ ስጫት" ይላሉ። መሳቅ አማረኝ፤ ደግሞ ማልቀስ።

ኅዳር 18
ዛሬም ያው። ባልላክሁት ይሻል ነበር? እንጃ።

ኅዳር 21
የሁለተኛውን ለቀማ ቡና አስጥተን ሰማዩ ጠቆረ። እኔ በአንድ በኩል፣ ጋሼ በሌላ በኩል ሸራውን ጎትተን አለበስነው። ዝናቡ ወዲያው ወረደ። መጋዘኑ በረንዳ ላይ ተጠልለን ቆምን። ጋሼ ወደ እኔ ሳያዩ፣
"ተቀይሜሽ ነበር" አሉ።
ይሄ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? ህሊናን አልጠይቃትም።
"ነበር" ነው ያሉት።