የኢልዘ ቀይ ጥይቶች

ክሮንስታድ
ሰኞ፣ ጁላይ 9 ቀን 2018

ለምወድሽ ልጄ ለሊዜል፣

መጀመሪያ እፍረቴን ልንገርሽና ይውጣልኝ። እኔ ካልነገርኩሽ ጎረቤታችን ትሩዳ ቅመም ጨምራበት በስልክ እንደምታቀብልሽ አውቃለሁ። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናትሽ፣ የስድሳ አንድ ዓመት ሴትዮ፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ፣ የቢራ ሳጥን ደፍቼ ላዩ ላይ ወጣሁና በአባትሽ ወርክሾፕ መስኮት ወደ ውስጥ ሳጮልቅ ሳጥኑ ተሰብሮ ከነቀሚሴ ጽጌረዳው ውስጥ ገባሁ። እሾሁ የት የት እንደወጋኝ አልጽፍልሽም። አባትሽ ድምፅ ሰምቶ ወጣ።

"ማግሪታ፣ ምን ጠፋብሽ?"

"ድመቷ" አልኩት።

ድመቷ እኮ እግሩ ሥር ቆማ ታየኛለች!

ምን ልታዪ ነው የወጣሽው አትይኝም? ኢልዘን ነዋ! ስለ እሷ እስካሁን ያልጻፍኩልሽ ስሟን በገዛ እጄ መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው። በጃንዋሪ ወደ ከተማችን የመጣች የመድኃኒት ባለሙያ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት፣ ልክ እንዳንቺ። ቁመቷ መለሎ፣ ክኒን ስትቆጥር የኖረ እጇ ሽጉጥ ሲይዝ ንቅንቅ አይልም። የተኩስ ክለባችን ገብታ ሁለት ወር ሳይሞላት ወንዶቹን መቅደም ጀመረች። በማርች ወደ አባትሽ መጥታ፣ እንደ አጎት ኦም ብላ ጠርታ፣ ምን ብትለው ጥሩ ነው? "ኦም ዲርክ፣ ለእጄ የሚስማማ ጥይት ይቀምሩልኛል?"

ከዚያን ቀን ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ወርክሾፕ ናቸው።

አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኛ ዘንድ የሱቅ ጥይት ይዞ ውድድር መምጣት ማለት እንግዳ ጠርቶ ምሳውን ከመንገድ ዳር ገዝቶ እንደማቅረብ ነው። ባዶውን ቀለሃ ሰብስቦ አጥቦ፣ ባሩዱን በሚዛን መዝኖ፣ እርሳሱን አንድ በአንድ ገጥሞ የሚሠራ ሰው ደግሞ ይከበራል። አባትሽ በዚህ ሥራ አገር ያወቀው ነው። የእኔን ጥይት የሚሠራው ሁልጊዜ በአረንጓዴ ቀለም በተለበጠ እርሳስ ነው። ሲያስረክበኝም፣ "ያንቺ መቶ ሠላሳ ስድስት ነው፣ አትስጊ" ይለኛል። ቁጥሩ የጥይቱ ክብደትና ፍጥነቱ ተባዝቶ የሚገኝ ነው አሉ። ከመቶ ሃያ አምስት ከወረደ እንደ ልብሽ ትተኩሻለሽ እንጂ ነጥብ አይያዝልሽም። እኔ ከዚህ በላይ አላውቅም፤ ለማወቅም ደክሜ አላውቅም። እሱ ይሠራል፣ እኔ እተኩሳለሁ። ወርክሾፑ ውስጥ ገብቼ የተቀመጥኩበትን ቀን አላስታውስም። ሻዩን በር ላይ አስቀምጬለት እመለስ ነበር።

በመስኮቱ ያየሁትን ልንገርሽ። ኢልዘ ያንቺ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ያ ትራሱን እኔ የሰፋሁለት! አባትሽ ባሩድ ይመዝናል፣ እሷ ሚዛኑን ታነባለች፣ እሱ ይጽፋል፣ ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። ሊዜል፣ አንቺ ኒው ዚላንድ ከሄድሽ ወዲህ እኔና እሱ ማዕድ ላይ የምንለዋወጠው ቃል "ጨው አቀብይኝ" ነው። ለእሷ ግን አፉ ተፈታ። ደግሞ "ልጄ" ነው የሚላት።

ትሩዳ አጥር ላይ ተደግፋ አልተወችኝም።

"ስሚ እንጂ፣ ባልሽ ለሌላ ሴት ያበስላል አሉ።"

"ያብስላ! እኔ ጠግቤያለሁ።"

"መጥገብሽንማ ፊትሽ እየተናገረ ነው።"

አባትሽ የበግ መኖ ሊገዛ የወጣ ረቡዕ ወርክሾፑ ገባሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። የቅመራ ደብተሩን ገለጥኩ። ለኢልዘ አሥራ አንድ ገጽ ጽፎላታል፤ ቆጥሬዋለሁ። "ስትተኩስ ትከሻዋን ወደ ግራ ትጥላለች።" "ይህኛው ሽጉጡን ወደ ላይ ያነሳባታል፣ ባሩዱ ይቀየር።" "በዚህኛው ሁለተኛውን ጥይት ስትደግም ፈገግ አለች።" ፈገግ አለች! ከዚያ የእኔን ገጽ ፈለግሁ። ከላይ ስሜ አለ። ከሥሩ በየዓመቱ ቀን ብቻ፣ ከቀኑ አጠገብ ደግሞ ያው ሁለት ቃል። "እንደ ድሮው። እንደ ድሮው። እንደ ድሮው።" ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።

መደርደሪያው ላይ የእሷ ጥይቶች ተደርድረዋል፣ እርሳሳቸው ቀይ። አሥር አነሳሁና ከግድቡ ጀርባ ካለው የአፈር ቁልል ሄጄ በራሴ ሽጉጥ ሞከርኳቸው። ልጄ፣ በእግዚአብሔር እጅ የምተኩስ መሰለኝ። ሽጉጡ እጄ ላይ ዝም አለ። አረንጓዴው በየጊዜው ሲነቀንቀው የኖረው የእጄ አንጓ፣ በክረምት በቅባት የማሸው አንጓዬ፣ ምንም አልተሰማውም። ዒላማው ላይ ያሉትን አሥር ቀዳዳዎች አንድ የሻይ ስኒ ይሸፍናቸዋል። እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ ብዬ ተንገበገብኩ። ለካ እንዲህ ያለ ጥይት መሥራት ይችላል! ለካ ለእኔ ነው ያልሠራው!

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት እዚሁ አገራችን ባለችው ቤተልሔም ከተማ የተደረገው ውድድር የክፍለ ሀገራችንን የሴቶች ቡድን የሚለይ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት የቡድኑን አረንጓዴ ጃኬት ለብሻለሁ። ዘንድሮ ቦታው ሦስት ብቻ ሆነ። ሁለቱ የብሉምፎንቴኖቹ እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። ሦስተኛው ወይ የእኔ ነው ወይ የእሷ። ይህን እያሰብኩ ዓርብ ጠዋት፣ አባትሽ በጎቹ ዘንድ ሳለ፣ ከመደርደሪያው ኋላ አንድ ሳጥን ቀይ ጥይት አወጣሁና ቦርሳዬ ውስጥ ገለበጥኩት። ላዩን በአረንጓዴዎቹ ጥይቶች ሸፈንኩት። ሌባ ነሽ በይኝ፤ ሰርቄያለሁ። ግን ያን ጊዜ የታየኝ የራሴን ድርሻ እንደወሰድኩ ነው።

የቤተልሔም ጠዋት እንዴት እንደሚበርድ መቼም አትረሺውም። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል፣ ሰው ሲናገር አፉ ይጨሳል። የመጀመሪያውን ምድብ ተኩሼ ስጨርስ ኦም ፍሪክ፣ ያ የጥይት ፍጥነት መለኪያው ኃላፊ፣ ጥይት የሚሰበስብበትን ባልዲ ይዞ መጣ። ማንንም አያስጠነቅቅም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ቦርሳሽ ውስጥ እጁን ከትቶ ስምንት ያወጣል። ከላይ አያወጣም እንዴ? አላወጣም። እጁን እስከ ክርኑ ሰደደና ከታች ዘገነ። መዳፉን ሲከፍት ሁሉም ቀይ።

"ማግሪታ፣ አረንጓዴሽ ዛሬ ምን ሆኖ ቀላ?"

አባትሽ አጠገቤ ነበር፣ የሻይ ፔርሙዝ ይዞ። ቀዮቹን አያቸው። ከዚያ እኔን አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ፔርሙዙን ቀስ አድርጎ ከደነ።

ኦም ፍሪክ አንዱን ፈልቅቆ እርሳሱን መዘነ። ሽጉጤን ተቀብሎ በመለኪያው ላይ ሦስት ተኮሰ። "መቶ ሃያ ሦስት" አለ። ሌላ ሦስት ደገመ። "መቶ ሃያ ሁለት ተኩል።" አንገቱን አቀርቅሮ፣ "ማግሪታዬ፣ መተኮስ ትችያለሽ። ነጥብ ግን የለም" አለኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምርጫዬ ነበር።

አባትሽ ያኔ ነው አፉን የከፈተው፣ ለእኔ ብቻ፣ በዝግታ። "ያንቺ ሽጉጥ አፈሙዙ ከእሷ በአንድ አውራ ጣት ያጥራል። ቀዩ የተቀመረው ለእሷ አፈሙዝ ነው። በእሷ መቶ ሠላሳ ይሰጣል። ባንቺ፣ ያውም በዚህ ብርድ፣ መቶ ሃያ አምስቱን ሊሞላ አይችልም።" ሠላሳ ዓመት የተኮስኩ ሴት ይህን አላውቅም ነበር። የሌላ ሰው መነጽር ሰርቆ መጽሐፍ እንደማንበብ!

ወደ ቤት ልሂድ? እምቢ አልኩ። የቀሩትን ምድቦች ሁሉ በቀዩ ተኮስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተኩሼ አላውቅም። ሰዉ ቆሞ አየኝ፣ ሲያጨበጭቡም ሰማሁ። አንዱም አልተቆጠረልኝም።

ከሰዓት በኋላ ቋሊማው እሳት ላይ ሳለ ኢልዘ ሳህኗን ይዛ መጣች። ወሬው ደርሷታል። እዚያ የማይደርስ ወሬ የለም። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ፤ እሷም እንደ አክስት ታኒ ብላ ጠራችኝ።

"ታኒ ማግሪታ፣ ጥይቴ ጣፈጠልዎት?"

"ጨው አንሶታል" አልኳት።

እሳቱን የከበበው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ከሁሉም በላይ ሳቀች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ። ስትስቅ አንቺን እንደምትመስል አየሁና ፊቴን አዞርኩ። ቦታውንም እሷ ወሰደችው። ጃኬቷን በልኳ ታሰፋለች እንግዲህ።

ወደ ክሮንስታድ ስንመለስ ሊንድሊ ከተማን እንዳለፍን በመጨረሻ እኔው ፈነዳሁ።

"ለእሷ አሥራ አንድ ገጽ! ለእኔ 'እንደ ድሮው'! ምን በደልኩህ ዲርክ?"

"ደብተሬን አነበብሽው?"

"አነበብኩት፣ አዎ! አሁን መልስልኝ።"

መሪውን አጥብቆ ያዘ። ከዚያ፣ "በ2009፣ ኤፕሪል ላይ፣ ቬልኮም ከተማ ላይ አሸንፈሽ ስንመለስ፣ 'ይህን ነው የምፈልገው፤ ከእንግዲህ እጅህን እንዳታስገባበት' አላልሽኝም?" አለ።

"ብዬ ነበር?"

"ብለሻል። እጄን አላስገባሁም።"

"ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን፣ 'እንዴት ነው፣ ተስማማሽ ወይ' አትለኝም?"

"አንቺስ? በሩ አንድ ቀን ተቆልፎ ያውቃል?"

መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ብርዱን አስገባሁ። ቀጥላ ያለችው ከተማ ስቴይንስረስ ስንደርስ ሳልጠይቀው፣ "ያ ወንበር ባዶውን ሲሆን ሥራው አይገፋልኝም" አለኝ። አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ ይህን ለመናገር ስንት ዓመት እንደፈጀበት።

ይህን ለባልሽ አታንቢለት። አንቺ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነሽ፣ ከአባትሽ ጋር ቀለሃ እየለያችሁ ስትስቁ፣ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ አንዱን ሳህን ደጋግሜ አደርቅ ነበር። ደርቆ ሳለ። ምን እንደሚያስቃችሁ ለመጠየቅ አሥር እርምጃ ነበር የሚቀረኝ። ለአባትሽ አልነገርኩትም። ላንቺም የነገርኩሽ አይምሰልሽ።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን የወጥ ቤቱን ወንበር ተሸክሜ ወርክሾፑ ገባሁ። ያንቺን አልነካሁም። አባትሽ ጠረጴዛው ላይ ቦታ ለቀቀልኝ፣ አዲስ ገጽ ገለጠና፣ "እሺ፣ አረንጓዴውን ስትተኩሺ ምን ይሰማሻል?" አለኝ። ልጄ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ። አንጓዬን፣ ትከሻዬን፣ ሁለተኛውን ጥይት፣ ዓይኔ ቶሎ የማይመለስበትን፣ ሁሉንም። እሱ ይጽፋል። አንድ ቦታ ላይ ብዕሩን አቁሞ፣ "አንጓሽን እንደሚያምሽ ለምን አልነገርሽኝም?" አለ። "አልጠየቅከኝም" ልል ነበር፤ ዋጥ አደረግሁት።

ኢልዘን ይቅርታ አልጠየቅኳትም። የወተት ታርት፣ ያንን ጣፋጭ ኬካችንን፣ ጋገርኩላት፣ ከዚያ አባትሽና እኔ ግማሹን በላነው፣ ግማሽ ደግሞ አይላክም። ቅናቴ ለቆኛል ብዬም አልዋሽሽም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ለብሔራዊው ውድድር ጥይት ልታሠራ ስትደውል ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። "ልጄ፣ ያንቺ ቀን ከእንግዲህ ሐሙስ ነው፤ ቅዳሜ ተይዟል" አልኳት። "በማን ታኒ?" አለችኝ። "በሚስቱ" ብዬ ዘጋሁት።

አባትሽ ሰላም ብሎሻል ልበልሽ? አላለም። ግን ደብዳቤ ስጽፍ አይቶ፣ "ለሊዜል ነው?" አለና እስካሁን ከኋላዬ ቆሟል። የሚያነብ አይመስለኝም፤ መነጽሩን አላደረገም።

እግዚአብሔር ከሩቅ አገር ክፉ ይሰውርሽ፤ ልጅሽን በጤና ያሳድግልሽ፤ ቤትሽን ሳቅ አይለየው። እዚያም ብርድ ነውና ደረትሽን ሸፍኚ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ከወጣ በኋላ፣ መለኪያውን ይዘን ከግድቡ ጀርባ እንወርዳለን። አምስት ዓይነት ቅመራ አዘጋጅቶልኛል፣ ለእኔ አፈሙዝ። "የመጀመሪያው ቁጥር የሚያሳፍር ሊሆን ይችላል" ብሎኛል። ይሁና! የሚያሳፍርም ቢሆን ቁጥሩን እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ
ማግሪታ