ባነሩ ይውረድልኝ፦ ከተሸላሚዋ ምራት ለወረዳችን አስተዳዳሪ

ለተከበሩ የኡንጎክ ወረዳ አስተዳዳሪ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ሰው ማንሳትና ማገላበጥ ከሥራ ድርሻዎ ስላልሆነ ወገብዎ ደህና እንደሆነ እገምታለሁ። የተከበሩ እናትዎም በዋና ከተማው መጦሪያ ቤት፣ መስኮቱ ወደ ተራራ በሚያይ ክፍል፣ በሰላም እንደሚኖሩ በወረዳችን ጋዜጣ ላይ ራስዎ ሲናገሩ አንብቤ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ይህን የምለው ለወቀሳ ሳይሆን በቅናት ነው።

እኔ የቶልሜ መንደር ነዋሪዋ ናም ጌሱን ነኝ። ካላስታወሱኝ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው በላይ በሁለቱ ጥዶች መካከል በተወጠረው ባነር ላይ «ባሏ ከሞተ በኋላም አማቷን ያልተለየች፣ የዘንድሮዋ ምስጉን ምራት ናም ጌሱን፣ የመንደራችን ኩራት» ተብሎ ስሜ በቀይ ተጽፏል። ባነሩ የተሰቀለ ዕለት የመንደሩ ሰው «ናም ጌሱን ደግሞ ማናት?» እያለ ሲጠያየቅ ዋለ። እዚህ ያገባች ሴት የምትጠራው በተወለደችበት ቦታ ስለሆነ፣ እኔም ሙሽራ ሆኜ ከመጣሁ ጀምሮ «የሶልፖዋ» ነኝ፤ አማቴም ሌላ ስም አያውቁልኝም። ስሜን ቆፍረው ስላወጡልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ የቀረውን ምስጋናዬን ደግሞ መሥሪያ ቤትዎ ሥርዓት ስለሚወድ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለላኩልን ፎቶግራፍ አንሺ አመሰግናለሁ። የበዓል ልብሴን አስለብሶኝ፣ ለአማቴ የሩዝ አጥሚት በማንኪያ እያጎረስኩ ፈገግ እንድል አዘዘኝ። አማቴ ግን እርጅና ስላዘነጋቸው፣ በልጅነታቸው እህል ሊወርስ ይመጣ የነበረው ሰውዬ መስሏቸው ማንኪያውን ብብታቸው ውስጥ ሸሸጉና «ሩዝ የለንም፣ ሂድ ከዚህ!» ብለው አባረሩት። ጋዜጣው ላይ የወጣው ሳቄ የዚያን ጊዜ ነው። እውነተኛ ሳቅ ነበር፤ አማቴ ሰው ሲያባርሩ ደስ ይሉኛል።

2ኛ. ከሽልማቱ ጋር ስለሚሰጠኝ የሩዝ ማብሰያ አመሰግናለሁ። ሩዙ ሲደርስ በሴት ድምፅ ይናገራል አሉ። በቤታችን ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቀኝ የሚያናግረኝ አንድ እንኳ በመገኘቱ እፎይ ብያለሁ።

3ኛ. ጎረቤቴን ወይዘሮ ፒዮን ከድካም ስላሳረፉልኝ አመሰግናለሁ። እኚህ ደግ ሴት በገበያ ቀን አማቴ አጠገብ ቁጭ ይሉልኝና እኔ ገበያ ደርሼ፣ ገላዬን ታጥቤ እመለስ ነበር። ባነሩ ከተሰቀለ ወዲህ ግን «ተሸላሚዋ እያለሽ እኔ ምን ቤት ነኝ?» ብለው ቀሩ። ባለፈው አማቴ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ጠብቄ ወደ መንደሩ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ብሮጥ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ያገኙኝ ሴቶች ሁሉ «እንዴ! ማን ጋ ትተሻቸው መጣሽ?» አሉኝ። ፀጉሬን ሳላርስ ተመለስኩ። ወረዳው ከእንግዲህ ተቆጣጣሪ መቅጠር አያስፈልገውም፤ መንደሩ በሙሉ በነጻ እየሠራልዎ ነው።

4ኛ. እዚህ ላይ ቁጥሩን ብተወው ይሻላል፤ ይኸኛው በቁጥር የሚገባ አይደለም።

ክቡር ሆይ፣ እኔም እናት አለችኝ። ሶልፖ ባሕር ዳር ብቻዋን ትኖራለች፤ ልቧ ደክሟል። ሐኪሙ የሚቀጥለውን የባሕር ቅጠል መልቀሚያ ወቅት ማየቷን እንደሚጠራጠር ነግሮኛል። ነይልኝ ብላኝ አታውቅም። ስደውልላት አስቀድማ የምትጠይቀኝ «አማትሽ በልተዋል?» ብላ ነው። ስለዚህ የባለቤቴን ታላቅ ወንድም አቶ ታክ ጂንሆን ለምኜ፣ አልቅሼም ጭምር፣ አማቴ በወረዳችን ከተማ ባለው መጦሪያ እንዲገቡ ተስማምተን ነበር። ክፍሉ ተገኝቶ፣ ልብሳቸው ላይ ስማቸውን ሰፍቼ፣ የእኔም ሻንጣ በር ላይ ተቀምጦ ነበር።

አቶ ታክ እናታቸውን ሊወስዱ በመጡበት ዕለት መኪናቸውን ፌርማታው ጋ አቆሙ፤ ባነርዎን አንብበው ቤት ሳይደርሱ ተመለሱና ስልክ ደወሉልኝ። «እህቴ፣ አየሁት እኮ። ስምሽ እንዲህ አደባባይ ላይ ተሰቅሎ እማማን መጦሪያ ብናስገባ ሰው ምን ይለናል? አንድ ዓመት ብቻ ቻይው፣ ወሬው ይብረድ» አሉኝ። ክፍሉን ሌላ ሰው ወሰደው። ሻንጣዬ እስካሁን በር ላይ ነው፤ አማቴ ባዩት ቁጥር እንግዳ የመጣ መስሏቸው ሻይ አፍዪለት ይሉኛል።

ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን በአክብሮት ቋንቋ የምልበት መንገድ አላገኘሁም። አማቴን አልጠላቸውም። ባለቤቴ የሞተ ሰሞን አጠገቤ ተኝተው እስኪነጋ የእጄን አንጓ ይዘውኝ የሚያድሩ ሴት ነበሩ፤ ያን እጅ ዛሬ አጥባለሁ፣ ጥፍሩን እቆርጣለሁ፣ አይከብደኝም። የሚከብደኝ እናቴ ብቻዋን መሞቷ ነው። ጥሩ ምራት ተብዬ ስሸለም ልጅ መሆን ተከለከልኩ። ባነሩን አውርዱልኝ ብዬ ቢሮዎ ድረስ ብመጣ፣ ጸሐፊዎ በትሕትና ከሽልማቱ በዓል በፊት ማውረድ ለወረዳው ነውር መሆኑን አስረዳችኝ። የመንደራችን ሹምም «ክብር እኮ ነው፣ ምን ጎደለሽ?» አሉኝ።

እንግዲህ ውሳኔዬን ላሳውቅዎ። ዓርብ በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ላይ በሰዓቱ እገኛለሁ። አማቴንም አጥቤና አልብሼ፣ በመርሐ ግብሩ መሠረት ከፊት ረድፍ ከእርስዎ ጎን አስቀምጣቸዋለሁ። በሕይወት ያሉት ሁለቱ ልጆቻቸውም ለፎቶው ይመጣሉ፤ ታላቁ አቶ ታክ አዲስ ክራባት ገዝተዋል አሉ። የሶልፖ አውቶቡስ ከአዳራሹ በር የሚነሣው እርስዎ ንግግር ሲጀምሩ ነው፤ ንግግርዎ ደግሞ እንደማያሳፍረኝ፣ ረጅም እንደሚሆን አውቃለሁ። አጨብጭቤ እወጣለሁ። ስሜ ሲጠራ ወንበሩ ባዶ ከሆነ፣ እናቴ ጋ ነኝ። ሩዝ ማብሰያውን ለአቶ ታክ ያስረክቡልኝ፤ ለአማቴ የሚያበስሉበት ያስፈልጋቸዋል። አማቴ አጥሚቱን ለብ ሲል ነው የሚወዱት፤ ሲያጎርሷቸው ፊት ለፊት አይቁሙባቸው፣ ከጎናቸው ይቀመጡ። ማንኪያው ከጠፋ ብብታቸውን ይፈልጉ። ወደ ማታ ቤቴ ውሰዱኝ ሲሉ እሺ ማለት ነው እንጂ መከራከር አይጠቅምም።

ለክብርዎ ዕድሜና ጉልበት እየተመኘሁ፣ ላሸከሙኝ ክብርም ከአንገቴ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የመንደሩ ኩራት፣ ከፌርማታው በላይ የተሰቀለችው፣
ናም ጌሱን (የሶልፖዋ)

ማስታወሻ፦ ትናንት አማቴን በተሽከርካሪ ወንበራቸው እየገፋሁ በባነሩ ሥር አለፍን። ፊደል የቆጠሩት በእርጅናቸው ስለሆነ ያገኙትን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ይህንም ቃል በቃል አነበቡት። ከዚያ «ማናት ይቺ?» አሉኝ። የሰው ምራት ናት አልኳቸው። «እናት የላትም እንዴ?» አሉ። ባነሩ ከተሰቀለ ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።